ኃይል ያለው ሁሉ አምላክ አይደለም

ለጥናት የሚነበብ፦ የሐዋርያት ሥራ 14፥8-18



ከካርቱም ጥቁር ዓባይን ተሻግሮ በባሕሪ በኩል የሚገኘው ካፉሪ የባለጠጎች ሰፈር ሆኖ ኖሯል። እንደዚህ ባሉ የካርቱም ሰፈሮች ከአገራችን የሄዱ እኅቶቻችን ልብስ ሲያጥቡ፥ ሲያበስሉ፥ የሰው ልጅ ሲያሳድጉ ቆይተዋል። የቤቱ ልጆች በቴሌቪዥን የሳይንስ ልብ ወለድ ሲመለከቱ አብሮ የሚያይ ሰው አንድ ጥያቄ በልቡ ሊያድርበት ይችላል፤ ይኸውም «የምናመልከው አምላክ በዕውቀት የበለጠን ፍጡር ብቻ ቢሆንስ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ልንንቀው አይገባንም።

«ስታር ትሬክ» በተባለው ተከታታይ ትርኢት፥ እ.ኤ.አ. በ1967 በታየ አንድ ክፍል፥ አፖሎ ነኝ የሚል ፍጡር የጠፈር ተጓዦችን ስገዱልኝ ይላቸዋል። እነርሱም እንቢ ይላሉ፤ የኃይሉ ምንጭ ሲፈርስ ክብሩም ያበቃል። ከ1993 እስከ 1999 በታየው «ዲፕ ስፔስ ናይን» ደግሞ የባጆር ሕዝብ ነቢያት ብሎ የሚያከብራቸውን ሌሎች የጠፈር ፍጥረታት ይሏቸዋል። ስለዚህ ትምህርት ጠብ ተነሥቶ ትምህርት ቤት በፈንጂ ይፈርሳል፤ አዛዡ ሲስኮ ግን ልጁን የሚያምኑትን እንዳይንቅ ይመክረዋል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፥ ለፍጡር አለመስገድ መልካም ነው። የልስጥራ ሰዎች ጳውሎስንና በርናባስን አማልክት ባሏቸው ጊዜ ሐዋርያት ልብሳቸውን ቀደው ከለከሏቸው። ሉተርም በ1529 በጻፈው ትልቁ ካቴኪዝም፥ ልባችን የሚታመንበት ነገር አምላካችን እንደሚሆን አስተምሯል።

ሁለተኛ፥ እምነቱን በፈንጂ የሚጠብቅ አምላኩን ደካማ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፥ እነዚህ ታሪኮች አምላክን በኃይል ይለኩታል፤ የእኛ ጌታ ግን ኃይሉን ትቶ በመስቀል ላይ ተገለጠ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ፤ ካፉሪም የውጊያ ስፍራ ሆነ። ባለቤትም ሠራተኛም ተሰደዱ፤ ብዙ ወገኖቻችን በመተማ በኩል ገቡ። በዚያ መንገድ ለሄደች እኅት፥ በዙፋኑ ተቀምጦ ስገዱልኝ የሚል ኃያል ምን ይጠቅማታል? እኛ የምናምነው ግን በሕፃንነቱ በእናቱ እቅፍ ወደ ግብፅ የተሰደደውን ነው። እርሱ ስደተኛን ያውቃል።

ለውይይት፦ ልባችን ዛሬ የሚታመነው በምንድር ነው? ከስደት የተመለሰውን ወገናችንንስ እንዴት ተቀበልነው?