የእፉኝት መርዝ መድኃኒት የሚሆነው እንዴት ነው?

የእባብ መርዝ መድኃኒት ይሆናል ሲባል ብዙዎቻችን «እሾህን በእሾህ ነዋ!» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በተለይ እኛ ከተፍኪና ከበቾ ሜዳ የመጣን ሠልጣኞች ከነዶ ሥር እባብ ብቅ ሲል ዱላ ማንሣትን እንጂ ስለ መርዙ መጠየቅን አልለመድንም። ነገ ግን ተማሪዎቻችን ይጠይቁናል። ስለዚህ ይህችን አጭር ትምህርት አዘጋጅተናል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን አካላት እንደ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ አጭር ሲሆን ፔፕታይድ ይባላል። የእባብ መርዝ የብዙ ፕሮቲኖችና ፔፕታይዶች ድብልቅ ሲሆን፣ ቁልፍ ለራሱ ጓጉንቸር እንደሚሠራ ሁሉ እያንዳንዱም በተነደፈው ሰውነት ውስጥ የሚገጥምበት የራሱ ቦታ አለው። አንዱ የደም ሥርን፣ አንዱ ነርቭን፣ ሌላው የደም መርጋትን ይነካል።

ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ የብራዚሉ ነው። እዚያ ጃራራካ የሚባል እፉኝት አለ፤ የነደፈው ሰው የደም ግፊቱ በድንገት ሊወርድ ይችላል። በ1965 ሰርጂዮ ፌሬይራ የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ፣ ብራዲካይኒን የተባለውን የደም ሥር የሚያሰፋ ንጥረ ነገር የሚያበረታ ነገር ከዚሁ መርዝ ውስጥ ማግኘቱን አስታወቀ። ከዚያም ያገኘውን ይዞ ለንደን ወደሚገኘው የጆን ቬን ላቦራቶሪ ሄደ። በዚያም ፔፕታይዶቹ የደም ሥርን የሚያጠበውን ንጥረ ነገር የሚሠራውን ኤንዛይም እንደሚያግዱ ታወቀ። ከእነርሱ አንዱ፣ 9 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ በመርፌ ሲሰጥ ግፊት ያወርዳል፤ በአፍ ሲወሰድ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሆድ እንደበላነው ሥጋ ፈጭቶ ያጠፋዋል! ስለዚህ ኩሽማንና ኦንዴቲ የተባሉ የስኩዊብ ኩባንያ ተመራማሪዎች የቁልፉን ጥርስ ብቻ የምትመስል ትንሽ ሞለኪውል ሠሩ። ካፕቶፕሪል የተባለችው እርሷ ናት፤ በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደች። በአገራችን የደም ግፊት ሕመምተኞች የሚያውቁት ኢናላፕሪልም ወንድሟ ነው። እንግዲህ በኪኒኑ ውስጥ አንዲት ጠብታ መርዝ እንኳ የለችም። የተወሰደው የመርዙ አሠራር ነው እንጂ መርዙ አይደለም።

ከባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ የተቀዳው የሕመም ማስታገሻ (2004) እና ከአንድ መርዘኛ እንሽላሊት ምራቅ የመነጨው የስኳር በሽታ መድኃኒት (2005) መንገዳቸው ከዚሁ ይመሳሰላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በቆላው ቅርፊቱን እርስ በርስ እያፋተገ ድምፅ የሚያሰማ ትንሽ እፉኝት አለ። ሲነድፍ ደም መርጋት ያቅተዋል። በእስያ ከሚኖር ዘመዱ መርዝ ውስጥ ኤኪስታቲን የሚባል፣ 49 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ተገኝቷል፤ ፕሌትሌት የተባሉት የደም ሕዋሳት እንዳይያያዙ ያግዳል። ይህን መነሻ በማድረግ የተሠራው ቲሮፊባን በ1998 የተፈቀደ ሲሆን የልብ ደም ሥር በረጋ ደም እንዳይደፈን በደም ሥር ይሰጣል። እኛን የከነከነን ግን ይህ ነው፦ መርዙ ለባለጸጋ አገር የልብ ሕመምተኛ መድኃኒት ሲሆን፣ በአማራ ክልል ቆላ ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደው ሠራተኛ ሲነደፍ ፀረ መርዝ ፍለጋ ስንት መንገድ ይጓዛል! ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአብድራፊ ለዓመታት ያከሙት እንዲህ ያለውን ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የእባብ ንድፊያን ከተዘነጉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ የመደበው በ2017 ነው።

ሌላም አለ። በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ እፉኝት በሳይንስ ስም የወጣለት በ1977 ነው። ደኑ ሲመነጠር ቁልፎቹም አብረው ይጠፋሉ።

አሁን ደግሞ ለክፍላችን የሚሆነው። መርዝ መድኃኒት ይሆናል ብለን ስናስተምር፣ ልጆች መርዙን ከሜዳ አምጥተው እንዳይሞክሩት አጥብቀን መንገር አለብን። ሰው ሲነደፍም ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይጎዳል እንጂ አይረዳም። ቀለበትና አምባር ቶሎ ይውለቅ፤ የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ይደገፍ፤ ሰውየው ሳይራመድ በሸክም ጤና ጣቢያ ይድረስ። እባቡን አሳድዶ ገድሎ ማምጣትም አያስፈልግም። የጤና ባለሙያው ምልክቱን ያያል፤ ትንሽ ደም ቀድቶም በንጹሕ የብርጭቆ ቱቦ 20 ደቂቃ ሳይነካ ያቆየዋል፤ ቱቦው ሲዘነበል ደሙ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ፀረ መርዙ መሰጠት አለበት ማለት ነው።