በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሥራ ውጥረትንና የደኅንነት ጉድለትን አብሮ የመመርመር አሠራር

የደኅንነት ባህል ማለት በአንድ የሥራ ቦታ ያሉ ሰዎች ስለ አደጋ የሚያምኑትና በዘልማድ የሚያደርጉት ሲሆን፣ እውነተኛ መልኩ የሚታየው ምርት በዘገየበት ሰዓት ነው። የመርፌ መከላከያ ተነቅሎ ሲገኝ ጥፋቱ በኦፕሬተሯ ቸልተኝነት ይመካኛል፤ ሆኖም መከላከያው ክር መቀየርን ስለሚያዘገይ፣ የሰዓት ታርጌት በከበደበት ላይን (የምርት መስመር) የሚነቀለው ታስቦበት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ም አሠሪው የሥራ ሂደቱ የአካል ብቻ ሳይሆን የሥነ ልቦና ጉዳት ምንጭ እንዳይሆን የማድረግ ግዴታ ይጥልበታል።

በመጀመሪያ የፋብሪካው የደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ አንድ ላይን ብቻ መርጦ ይጀምራል፤ ፋብሪካውን በሙሉ በአንዴ ለመመርመር መሞከር ወረቀት ከማብዛት አያልፍም። ቀጥሎ ማንም ሠራተኛ ለጥቂት የተረፈ አደጋን፣ ማለትም ጉዳት ሊያደርስ ሲል የከሸፈን ክስተት፣ በማሳወቁ እንደማይቀጣ ማኔጅመንቱ በጽሑፍ ያረጋግጣል። ሪፖርቱን የሚቀበለው የላይኑ ሱፐርቫይዘር መሆን የለበትም፤ በታርጌቱ የሚጠየቀው እርሱ ነውና። መጻፍ የሚቸግራቸው ሠራተኞች በቃል እንዲናገሩ ይደረጋል።

በሦስተኛው ደረጃ ከእያንዳንዱ ሪፖርት ጎን የደረሰበት ሰዓት፣ የዕለቱ ታርጌትና የትርፍ ሰዓት ሥራው መጠን ይመዘገባሉ። አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ስለሚገድብ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያው በዚሁ ጊዜ ይመረመራል። ሠራተኞቹም ሁለት ነገር ይጠየቃሉ፦ የሥራው ፍጥነት ምን ያህል እንደሚያጣድፋቸውና ማሽን ለማቆም ወይም እረፍት ለመውጣት የራሳቸው ውሳኔ ይበቃ እንደሆነ። ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ሞዴል መሠረት ብርቱ ውጥረት የሚፈጠረው ጫናው ከፍ ብሎ የመወሰን ነፃነት ሲያንስ ስለሆነ፣ አንዱን ያለ ሌላው መጠየቅ ውጤቱን ያዛባል።

እርምጃ ሲወሰድ ቅደም ተከተሉ ከምንጩ ይነሣል፤ አደገኛው ነገር ይወገዳል፣ ካልተቻለ ክር ለመቀየር የማያስቸግር መከላከያ ይገጠማል፣ ከዚያ ታርጌቱና የእረፍት ሰዓቱ ይስተካከላሉ፤ ጓንትና ጭምብል የመጨረሻ ናቸው። የጭንቀት ማስታገሻ ሥልጠና ታርጌቱ ሳይነካ ቢሰጥ ጥፋቱን ወደ ሠራተኛዋ ከመመለስ የተለየ ፋይዳ የለውም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የሪፖርቶች ቁጥር ቢጨምር ሠራተኞች መናገር መጀመራቸውን ሊያሳይ ስለሚችል፣ በአደጋ መባባስነት መፈረጅ አይገባም፤ ያለ አደጋ ላለፉ ቀናት ጉርሻ መስጠትም ጉዳትን ስለሚያስደብቅ መቅረት አለበት።