አሮጌ መሣሪያና አዲስ ቅጥያ

ማረሻ ሲዶለዱም ሞፈሩንና እርፉን እንጥላለን እንዴ? አንጥልም። ማረሻውን ነቅለን ባለእጅ ዘንድ እንወስዳለን። ባለእጁ በእሳት አግሎ፣ ቀጥቅጦ ይመልስልናል። ማረሻው ጨርሶ ካለቀ ደግሞ አዲስ ገዝተን በዚያው በድሮው እርፍ ላይ እንሰካለን። ይህን ማድረግ የምንችለው ለምንድን ነው? የሞፈሩ፣ የእርፉና የማረሻው መጋጠሚያ የት እንደሆነ ስለምናውቅ ነው።

የዛሬው ንባባችንም ስለ አሮጌ መሣሪያና ስለ አዲስ ቅጥያ ነው። መሣሪያው ግን ሞፈር አይደለም፤ ኮምፒዩተር ነው። ወደ እርሱ ከመግባታችን በፊት እዚሁ ግራና ያየነውን ነገር እናውጋችሁ።

1. የግራናው ፓምፕ

የቆቦ ግራና ሸለቆ በመስኖ ልማት ስሙ የሚነሣ አገር ነው። ውሃ ያገኘ ገበሬ በበጋም ሽንኩርት ያለማል። እኛ ፊደል በምናስቆጥርበት ሰፈር ጥቂት ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ አሮጌ የናፍጣ ፓምፕ ገዝተው ነበር። አንድ ቀን ናፍጣው አለቀና ሞተሩ ቆመ። ናፍጣ ተሞላ። ሞተሩ ግን አልነሣም አለ። ቢያዞሩት፣ ቢያዞሩት፣ ወይ ፍንክች! “በቃ ተበላሸ” ተባለ።

ባለሙያ እስኪገኝ አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። የተተከለው የሽንኩርት ችግኝ ግማሹ ደረቀ። ባለሙያው ከመርሳ መጣና አንዲት ብሎን ላላ አደረገ። ከናፍጣው ቧንቧ ውስጥ አየር በአረፋ ወጣ። ብሎኗን መልሶ አጠበቀ። ሞተሩ ተነሣ። ሥራው ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

“ይህ እኮ በመጽሐፉ ላይ በሥዕል ተገልጿል። መጽሐፉ የታለ?” ሲል ጠየቀ።

ከገበሬዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌ አባት፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው “በእርሱማ ስኳር ጠቀለልንበት ልጄ። ማንበብ ለማንችል ሰዎች ወረቀት ምን ያደርግልናል ብለን” አሉ።

ይህን ነገር ያዙልን። በኋላ እንመለስበታለን።

2. የቤት ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር ማለት በኤሌክትሪክ እየሠራ የሚያሰላ፣ የተሰጠውን ጽሑፍና ቁጥር ይዞ የሚያቆይ፣ የታዘዘውን ሥራ በቅደም ተከተል የሚፈጽም መሣሪያ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው በኪሱ የሚይዘው ዘመናዊ ስልክም በውስጡ ኮምፒዩተር ነው።

ድሮ ኮምፒዩተር ትልቅና ውድ ስለነበር የሚገኘው በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ነበር። ኋላ ግን ለቤት የሚሆኑ ትንንሾች ተሠሩ። በ1974 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ሁለት ዝነኛ የቤት ኮምፒዩተሮች ለገበያ ቀረቡ። አንዱ የአሜሪካው ኮሞዶር 64፣ ሌላው የእንግሊዙ ስፔክትረም ነው። ኮሞዶር 64 ሲወጣ ዋጋው 595 ዶላር ነበር። ሁለቱም ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ተያይዘው ይሠራሉ።

የኮሞዶር 64 ማኅደር 65,536 ቦታ አለው። በአንዱ ቦታ አንድ የላቲን ፊደል ይቀመጣል። አንድ ገጽ 1,500 ፊደል ይይዛል ብንል፣ ጠቅላላው ከአርባ ገጽ ብዙም አይበልጥም። ከዛሬ ስልክ ጋር ሲነጻጸር ከጎተራ አጠገብ የቆመች ቁና ማለት ነው።

ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ በማኅደሩ ላይ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ሥራው በሌላ ነገር ላይ መቀመጥ ነበረበት። በምን ላይ ይመስላችኋል? ዘፈን ይሰማበት በነበረው በካሴት ላይ ነው! ኮምፒዩተሩ ጽሑፉን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ካሴቱን በቴፕ ቢያጫውቱት ሲንጫጫና ሲያፏጭ ይሰማል። ስፔክትረም አንድ ትልቅ ፕሮግራም ከካሴት አንብቦ እስኪጨርስ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። መሐል ላይ ካሴቱ ቢንተፋተፍ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

3. ከጀርባው ያለው በር

ኮሞዶር 64 ከጀርባው አንድ መሰኪያ አለው። በመሰኪያው ላይ 44 የብረት መገናኛዎች አሉ። የሞፈርና የእርፍ መጋጠሚያ እንደምንለው፣ ይህ መሰኪያ የአሮጌው መሣሪያና የአዲሱ ቅጥያ መጋጠሚያ ነው።

ከመገናኛዎቹ 16ቱ “የትኛው ቦታ?” የሚለውን ይናገራሉ። 8ቱ “በዚያ ቦታ ምን አለ?” የሚለውን ያመላልሳሉ። ከቀሩት አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክ ያቀብላሉ፤ አንዳንዶቹ “አሁን አንብብ፣ አሁን ጻፍ” እያሉ ያዝዛሉ።

16 ሽቦ እንዴት 65,536 ቦታ ሊጠራ ይችላል? እስቲ አብረን እናስላ። አንድ አምፖል ወይ በርቷል፣ ወይ ጠፍቷል። ይህ ሁለት ምልክት ነው። አምፖሎቹ ሁለት ሲሆኑ ምልክቱ 4 ይሆናል። ሦስት ሲሆኑ 8፣ አራት ሲሆኑ 16 ይሆናል። አንድ አምፖል በጨመርን ቁጥር ምልክቱ በእጥፍ ያድጋል። በስምንት አምፖል 256 ይደርሳል። በአሥራ ስድስት አምፖል 65,536 ይሆናል። በደብተራችሁ ላይ እያባዛችሁ ሞክሩት፤ ትክክል ነው።

4. ፋብሪካው ሲዘጋ

ኮሞዶር 64 ከ12 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ሆኖም የኮሞዶር ኩባንያ በሚያዝያ ወር 1986 ዓ.ም. ከሰረና ተዘጋ። መለዋወጫ የሚሠራ ጠፋ። ዕቃው ሁሉ በየጣሪያው ሥርና በየዕቃ ቤቱ ተጣለ።

ታዲያ በጀርመን፣ በኔዘርላንድ፣ በቼክ፣ በፖላንድና በሌሎችም አገሮች አንዳንድ ሰዎች እነዚህን ማሽኖች እንደገና አነሡ። ብዙዎቹ ቀን በሌላ ሥራ የሚውሉ፣ ማታ ማታ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ናቸው። አሮጌውን ኮምፒዩተር ማደስ ብቻ አልበቃቸውም። ፋብሪካው ያላሰበውን አዲስ ቅጥያ ይሠሩለት ጀመር። ከሥራቸው ሦስቱን እንመልከት።

አንደኛ፣ በካሴትና በዲስክ ፋንታ ሚሞሪ እንዲያነብ አደረጉት። በገበያ የሚሸጡትን ትንንሽ ሬዲዮኖች ታውቋቸዋላችሁ፤ እንደ ድሮው ቴፕ ካሴት አይሹም፤ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ትበቃቸዋለች። ይህም እንዲሁ ነው። የኮሞዶር አንድ ዲስክ የያዘው በአንዲት ባለ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ላይ ከ20,000 ጊዜ በላይ ይገባል። ጊዴዎን ዝዋይትዘር የተባለ የኔዘርላንድ መሐንዲስ የሠራው “1541 አልቲሜት” የተባለው ቅጥያ፣ የድሮውን የዲስክ ማሽን ከነጠባዩ አስመስሎ ይሠራል። ኮምፒዩተሩ ከአሮጌው ወዳጁ ጋር የሚነጋገር ይመስለዋል።

ሁለተኛ፣ ከጉዳት የሚጠብቅ ዕቃ ሠሩ። ኮሞዶር 64 ለማኅደሩ 5 ቮልት ይፈልጋል። ኃይል የሚያቀብለው ሣጥን ሲያረጅ ግን ከልኩ በላይ ይለቃል፤ ማኅደሩም ይቃጠላል። አዲሱ ዕቃ መሐል ላይ ገብቶ ይጠብቃል። ኃይሉ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን ይቆርጣል። ቦይ ሲሞላ ውሃው ማሳውን እንዳያጥበው በር እንደሚዘጋ ሰው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ከገበያ የጠፋውን መለዋወጫ በሌላ ተኩ። ለምሳሌ ድምፅ የሚያወጣው ቺፕ ዛሬ አይመረትም። እነርሱ ግን የዛሬ ዘመን ትንሽ ቺፕ ወስደው እንደ ድሮው እንዲዘፍን አስተማሩት፤ በድሮው ቦታም ሰኩት።

5. እንዴት ይሠሩታል?

መጀመሪያ ያነባሉ። ኮሞዶር ለፕሮግራም ሠሪዎች ያሳተመው መጽሐፍ የማሽኑን የሽቦ መስመሮች ሥዕል ጭምር ይዟል። ፋብሪካው ቢዘጋም ወረቀቱ አልሞተም።

ቀጥሎ የአዲሱን ቅጥያ ሥዕል ይነድፋሉ። ከዚያም መስመሮቹ የተቀረጹበትን ሰሌዳ ያሠራሉ። በሰሌዳው ላይ ትንንሾቹን ክፍሎች ቆርቆሮና እርሳስ እያቀለጡ ይበይዳሉ። ኃይል ከመስጠታቸው በፊት መስመር በመስመር ይለካሉ። አንዲት መስመር ከማይገባት ጋር ከተነካካች ማሽኑ ሊቃጠል ይችላልና።

ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው አይሠራም። ስሕተቱን ፈልገው ያርማሉ። ከሠራ በኋላ ብዙዎቹ ሥዕሉንና ማብራሪያውን ለማንም ሰው በነጻ ይሰጣሉ። በሌላ አገር ያለ ሰው ያንን አንብቦ ለራሱ ይሠራል። ስሕተት ካገኘ ጽፎ ይልካል፤ ያሻሻለው ነገር ካለም ይጨምርበታል። ደቦ ማለት ይህ አይደለም? ልዩነቱ፣ በዚህ ደቦ ሰዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው ላያውቁ ይችላሉ። የሚያገናኛቸው ጽሑፍ ነው።

6. “ምን ይጠቅማል?”

ይህን ስናወራ እኚያው ሽማግሌ አባት አቋረጡን። “እናንተ ልጆች፣ የተሻለ ስልክ በኪስ እያለ በአሮጌ ዕቃ ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ?” አሉ።

“አባባ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው” አልናቸው። ቅጥያ ስለተጨመረለት ኮሞዶር 64 ከስልክ አይበልጥም። አብዛኞቹ ሠሪዎችም እንጀራቸውን የሚበሉት በሌላ ሥራ ነው። ደስ ስለሚላቸው ይሠሩታል። ልጅ ሳሉ የተማሩበት ማሽን ስለሆነም ይወዱታል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ስልክን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻውን የሚያውቅ ሰው የለም። አሮጌውን ማሽን ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ካጠናው ሙሉውን ሊያውቀው ይችላል። ያወቀውን ዕቃ ደግሞ ሰው ይጠግነዋል፤ ያሳድገዋልም። ያላወቀውን ግን ተጠቅሞ ይጥለዋል።

በሌላ ሰው ማሽን ላይ የራስን መጨመር ለእኛም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ኮምፒዩተር ሳይመጣ ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን ፊደል የተሠራውን የጽሕፈት መኪና በአማርኛ እንዲጽፍ አድርገውታል። በኮምፒዩተር ጊዜም ችግሩ ተመለሰ። ቅድም እንዳሰላነው 8 መስመር የሚጠራው 256 ምልክት ብቻ ነው። የእኛ ፊደል 33 ጊዜ 7፣ ማለትም 231 ነው። ሃያዎቹን የግዕዝ ቁጥሮች ስንጨምር 251 ይሆናል። የቀረው 5 ቦታ ብቻ! እነ ሏ፣ እነ ሟ የት ይግቡ? ነጥቦቹስ? ለላቲኑ ፊደልስ ምን ይተርፋል?

ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ይህን ለመፍታት ብዙ ደከሙ። በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ኢንጂነር ፍስሐ አጥላው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለኮምፒዩተር የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ከሠሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ናቸው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን የዓለም ፊደላት በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ የራሱን 384 ቦታ አገኘ። ዛሬ ልጆቻችን በስልክ “እንደምን ዋላችሁ” ብለው በአማርኛ የሚጽፉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና “አሃ፣ እኛም እኮ ለፓምፑ ያጣነው ብሎን ሳይሆን ወረቀት ነው” አሉ።

7. የፓምፑ ወረቀት

ባለሙያው የራሱን መጽሐፍ ለአንድ ቀን አዋሰን። አየር ማውጫዋን ብሎን በሥዕል ገለበጥን፤ ቀስት አደረግንባት። ሥራውንም በአማርኛ በአራት ተራ ጻፍን፦ አንደኛ ናፍጣ ሙላ። ሁለተኛ ብሎኗን አላላ። ሦስተኛ አረፋው እስኪያልቅ ጠብቅ። አራተኛ አጥብቅና አስነሣ። ወረቀቱን በፕላስቲክ ሸፍነን ፓምፑ ባለበት ዳስ ሰቀልነው።

ከአንድ ወር በኋላ ናፍጣው እንደገና አለቀ። እኛ አልነበርንም። ሽማግሌው ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠሩ፣ ሰው አሰባስበው፣ ሞተሩን ራሳቸው አስነሡት። ስንመለስ ወረቀቱን አየነው። ከአራቱ ተራ በታች በእርሳስ፣ ጎበጥ ጎበጥ ባለ ጽሕፈት አምስተኛ ተራ ተጨምሮበታል፦ “ከሥር ጣሳ አድርጉ ናፍጣው እንዳይፈስ።”

ይህ በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረም።

አዳዲስ ቃላት

ቅጥያ፦ በነበረ መሣሪያ ላይ የሚጨመር አዲስ ክፍል።
ማኅደር፦ ኮምፒዩተር ጽሑፍና ቁጥር የሚይዝበት ቦታ።
ቺፕ፦ በውስጡ ብዙ የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት ትንሽ ክፍል።
ዩኒኮድ፦ የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚያገኙበት መዝገብ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የግራናው ፓምፕ ለአሥራ ሁለት ቀን የቆመው ለምን ነበር?
2. በአሥር አምፖል ስንት ምልክት መስጠት ይቻላል? አስሉ።
3. ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ሰዎች ኮሞዶር 64ን ማሳደግ የቻሉት በምን ምክንያት ነው?
4. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ካለ መሣሪያ አንዱን ምረጡ። ክፍሎቹን በደብተራችሁ ሣሉ፤ ስማቸውንም ጻፉ። ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ የምታውቁትን ከሥሩ ጨምሩበት።