ክብደት መቀነስና የብረት ክምችት፦ ከመጠን ያለፈ ክብደት ባላቸው ወጣት ሴቶች የፌሪቲን ውጤት እንዴት ይነበብ?

መግቢያ

ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላት ሴት ምግብ ስለማይጎድላት የብረት እጥረት አያሰጋትም የሚለው ግምት የተሳሳተ ነው። በመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች በወር አበባ ምክንያት ብረት ያጣሉ። በአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ ከ19 እስከ 50 ዓመት ለሆኑ ሴቶች በቀን 18 ሚሊግራም ብረት ሲመከር ለእኩዮቻቸው ወንዶች የሚመከረው 8 ሚሊግራም ነው። ውፍረት በዚህ ላይ ሌላ ጫና ይጨምራል።

ውፍረትና ሄፕሲዲን

በሰውነት ውስጥ ስብ ሲበዛ መጠነኛ ግን የማያቋርጥ ብግነት ይፈጠራል። በዚህ ሂደት የሚመነጨው ኢንተርሉኪን-6 ጉበት ሄፕሲዲን የተባለውን ሆርሞን በብዛት እንዲያመነጭ ያደርጋል። ሄፕሲዲን ደግሞ ብረትን ከአንጀት ሕዋሳት ወደ ደም የሚያሳልፈውን ፌሮፖርቲን የተባለ ፕሮቲን እንዲፈርስ ያደርጋል። በመሆኑም ከምግብ የተገኘው ብረት በአንጀት ሕዋሳት ውስጥ ይቀርና ሕዋሳቱ ሲረግፉ አብሮ ይወገዳል።

ክብደት ሲቀንስ

ክብደት መቀነስ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ይሠራል። በአንድ በኩል ብግነቱ ሲረግብ ሄፕሲዲን ሊቀንስና አንጀት ብረት የመምጠጥ አቅሙ ሊሻሻል ይችላል። በሌላ በኩል የምግብ መጠን ሲያንስ ከምግቡ የሚገኘው ብረትም ያንሳል። በ1,000 ኪሎካሎሪ 6 ሚሊግራም ያህል ብረት በሚሰጥ አመጋገብ በቀን 1,200 ኪሎካሎሪ ብቻ የምትመገብ ሴት የምታገኘው ብረት 7 ሚሊግራም ገደማ፣ ማለትም ከሚመከረው ከግማሽ በታች ነው። ሥጋን ትታ በእህልና በጥራጥሬ ብቻ የምትወሰን ከሆነ ፋይቴት፣ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይም እንዲሁ የብረቱን መመጠጥ ይቀንሳሉ።

የፌሪቲን ንባብ

ፌሪቲን የብረት ክምችት ዋና መለኪያ ቢሆንም በብግነት ጊዜ ክምችቱ ሳይጨምር ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ የእጥረት ወሰኑ ለጤናማ አዋቂዎች በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች፣ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ላለባቸው ከ70 በታች የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ 40 ማይክሮግራም የተለካላት ወፍራም ሴት የብረት እጥረት ሊኖርባት ይችላል። ክብደቷን ስትቀንስ የሚታየው የፌሪቲን መውረድም ብግነቱ መርገቡን ወይም ክምችቱ መሟጠጡን ሊያመለክት ይችላል።

ማጠቃለያ

ከክብደት ቅነሳ በፊትና በኋላ ፌሪቲንን ብቻ የሚያነጻጽር ጥናት ሁለቱን ሊለይ አይችልም። ስለሆነም ከፌሪቲን ጋር ሄሞግሎቢን፣ የብግነት ጠቋሚ የሆነው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን እና ብግነት ብዙም የማይነካው በደም ውስጥ የሚገኘው የትራንስፈሪን ተቀባይ ሊለኩ ይገባል። የአመጋገብ ዕቅዱም ካሎሪን ሲቀንስ ብረትን እንዳይቀንስ ሆኖ ሊዘጋጅ ይገባል።