የኤሌክትሪክ የቤት ዕቃና የኢንሹራንስ ውል

ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ማጠቢያና ኮምፒዩተር የብዙ ዓመት ጥሪት የሚፈስባቸው ዕቃዎች ናቸው። ይሁን እንጂ እሳት ወይም መብረቅ በአንድ ሌሊት ሊያጠፋቸው ይችላል። ስለዚህ ባለቤት የሆነ ሁሉ ኢንሹራንስ ከመግባቱ በፊት ቀጥሎ ያሉትን ነገሮች ማስተዋል ይገባዋል።

አንደኛ፤ ለቤቱ የተገባ ውል ግድግዳውንና ጣራውን ብቻ የሚመለከት ሊሆን ይችላል። በቤት ውስጥ ያለው ዕቃ በውሉ ተለይቶ መጻፉን መመርመር ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ውሉ የሚሸፍነው የተጠቀሱትን አደጋዎች ነው። የእሳት ኢንሹራንስ በተለምዶ እሳትንና መብረቅን ይይዛል። የኤሌክትሪክ ኀይል ከፍና ዝቅ በማለቱ የሚደርሰው ጉዳት ግን በግልጽ ካልተጨመረ በቀር ብዙ ጊዜ አይካተትም። ዕቃው በአገልግሎት ብዛት ቢያረጅም ካሣ አይጠየቅበትም።

ሦስተኛውና ዋነኛው የዕቃው ግምት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ኢንሹራንስ የደነገገው ክፍል ዛሬም የጸና ነው። በዚሁ ሕግ መሠረት ካሣው ዕቃው አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። አረቦን ለመቀነስ ሲል ግምቱን ዝቅ አድርጎ ያስመዘገበ ሰው ደግሞ ለጐደለው መጠን ራሱ ኢንሹራንስ ሰጪ እንደ ሆነ ይቈጠራል። ለምሳሌ፤ 100,000 ብር የሚያወጣውን ዕቃ በ60,000 ብር ያስመዘገበ ሰው የ20,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት የሚከፈለው 12,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 8,000 ብር የራሱ ዕዳ ይሆናል። ከአረቦኑ ያተረፈ የመሰለው ሰው በመከራው ቀን የሚከስረው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛ፤ አደጋ ሲደርስ ባለቤቱ እንዳወቀ፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንስ ሰጪው ማስታወቅ ሕጉ ያዝዛል። የግዢ ደረሰኝ፣ የዕቃው መለያ ቍጥርና ፎቶግራፍ ከቤት ውጭ በሌላ ስፍራ ተቀምጠው ቢገኙ ማስረጃው ከዕቃው ጋር አይቃጠልም።

የዕቃ ዋጋ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ውሉ በሚታደስበት ጊዜ ግምቱም አብሮ ይታደስ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጥንቃቄ ጭምር ነውና፣ ውላችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ እንድታነቡ እናሳስባለን።