የጆሮ ማዳመጫ ገመድ አመራረጥና የስታቲክ ኤሌክትሪክ ጥንቃቄ

በዚህ ዕትም የሙያ ትምህርት ዓምዳችን የምንማረው ስለ ጆሮ ማዳመጫ ገመድ አመራረጥና የስታቲክ ኤሌክትሪክ ብልጭታ አምፕሊፋየርን እንዳያበላሽ ስለሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በመጠለያ ጣቢያ አንድ ሬዲዮ ወይም አንድ ስልክ ብዙ ቤተሰብ ስለሚያገለግል፣ ሲበላሽ የሚቀረው ዜናው ብቻ አይደለም፤ ከአገር ቤት የሚመጣው የዘመድ ድምፅም አብሮ ይቋረጣል።

ከጁባ ወጣ ብሎ በሚገኘው በጎሮም መጠለያ የምትኖሩም ሆነ በከተማው በጥገና ሥራ የተሰማራችሁ እንደምታውቁት፣ ዕቃ ወደዚህ ሲደርስ የኖረው በተለይ በሁለት በር ነው። አንደኛው ከሱዳን ኮስቲ ተነሥቶ በነጭ ዓባይ ከ1400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የጁባ ወደብ ይደርስ የነበረው የቆየ የወንዝ መስመር ነው፤ ሁለተኛው ከኡጋንዳ በኒሙሌ በኩል የሚገባው የመኪና መንገድ ነው። በየትኛውም ይግባ፣ ረጅም መንገድ ስለሚመጣ ዋጋው ይወደዳል። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት መመርመር፣ ከገዛን በኋላ መጠበቅ ይገባናል።

ሀ. የጃኩ አሠራር

የተለመደው 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ በቀለበቶች የተከፋፈለ ብረት ነው። ሦስት ክፍል ካለው ጫፉ የግራ ጆሮ፣ መካከለኛው የቀኝ ጆሮ፣ ከሥር ያለው ሰፊው ክፍል ደግሞ የሁለቱ የጋራ መመለሻ ነው፤ ይህን መመለሻ ባለሙያዎች «መሬት» ይሉታል። አራት ክፍል ያለው ጃክ የማይክሮፎን መስመር ተጨምሮበታል። የአራቱ አደራደር በሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት አይደለም። በአብዛኞቹ ስልኮች የማይክሮፎኑ መስመር ከሥር ባለው ክፍል ሲሆን፣ በአንዳንድ አሮጌ ስልኮች ግን ከመሬቱ ጋር ቦታ ይለዋወጣል። ድምፁ የራቀና ባዶ መስሎ ከተሰማችሁ፣ ማዳመጫውን ከመጣላችሁ በፊት በሌላ ስልክ ሞክሩት።

ለ. ስትገዙ የምትመለከቱት

1. የኦም ቁጥር። ለስልክና ለትንሽ ሬዲዮ ከ16 እስከ 32 ኦም ተስማሚ ነው። 250 ወይም 600 ኦም የሚል የተጻፈበት ለስቱዲዮ የተሠራ ስለሆነ፣ ያለ አምፕሊፋየር ድምፁ ደካማ ይሆናል።

2. የሽቦው ዓይነት። ጥሩው ሽቦ ንጹሕ መዳብ ነው። የተላጠ ጫፍ ካገኛችሁ ማግኔት አስጠጉበት፤ ማግኔቱ ከሳበው ውስጡ ብረት አለበት። በምላጭ ስትፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ ደግሞ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሽቦ ሲተጣጠፍ ቶሎ ይበጠሳል።

3. ርዝመት። ገመድ ሲረዝም ኃይል ይባክናል። በምሳሌ እንየው። ውፍረቱ 0.08 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በሜትር 0.22 ኦም ያህል ይቃወማል። ባለ 2 ሜትር ገመድ ሄዶ ሲመለስ 4 ሜትር ነውና 0.88 ኦም ይሆናል። ይህ ከ32 ኦም ማዳመጫ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 3 እጅ እንኳ ስለማይሞላ ጆሮ አይለየውም። ገመዱን 10 ሜትር ብናደርገው ግን ወደ 4.4 ኦም ይደርሳል፤ ከመቶ 12 እጅ ያህሉ በሽቦው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ረጅም ገመድ ከፈለጋችሁ ወፍራም ሽቦ ምረጡ።

4. አንገቱ። ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ጃኩና ገመዱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ ለስላሳ የላስቲክ መከላከያ ያለውን ምረጡ።

5. የወርቅ ቅብ። የወርቅ ቅብ ድምፅን አያሳምርም፤ ጥቅሙ እንዳይዝግ ማድረጉ ነው። ለወንዝ ዳር እርጥበትና ለላብ ይረዳል። ሻጩ «ድምፁ የጠራ ነው» ብሎ ዕጥፍ ዋጋ ቢጠይቃችሁ ግን አትክፈሉ።

የተበጠሰ ገመድ ለምትጠግኑ አንድ ምክር አለን። የማዳመጫ ቀጫጭን ሽቦዎች ብዙ ጊዜ ቀለም መሳይ መሸፈኛ የተቀቡ ናቸው። ይህ ቅብ በእሳት ወይም በምላጭ ካልተነሣ ብየዳው አይይዝም። ከመበየዳችሁ በፊት በቴስተር ለኩ፤ በጫፉና በመሬቱ መካከል ወደ 32 ኦም የሚጠጋ ቁጥር ካሳየ ያ መስመር ደህና ነው።

ሐ. ስታቲክ ኤሌክትሪክ ምንድን ነው?

ሁለት ነገሮች ተፋትገው ሲለያዩ አንደኛው የኤሌክትሪክ ሙል ለሌላው ይሰጣል። የናይለን ልብስ፣ ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ፣ የላስቲክ ምንጣፍና የመጠለያ ሸራ ሁሉ ይህን ያደርጋሉ። አየሩ እርጥብ ሲሆን ሙሉ ቀስ እያለ ይጠፋል። በጁባና በአካባቢዋ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ግን በሰውነታችን ላይ ይከማቻል። ሌሊት ብርድ ልብስ ሲገፈፍ የምትሰሙት መንጣጣትና የምታዩት ብልጭታ ይኸው ነው።

ሰው ብልጭታው በእጁ ላይ የሚሰማው ወደ 3000 ቮልት ሲደርስ ነው። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ግን በጥቂት መቶ ቮልት፣ አንዳንዶቹም ከ100 ቮልት በታች ይጎዳሉ። እጃችን ምንም ሳይሰማው ዕቃው ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው። ጉዳቱም ሁልጊዜ ወዲያው አይታይም፤ አምፕሊፋየሩ ለጥቂት ሳምንት ሠርቶ ሹሹታ እያሰማ ሊደክም ይችላል።

መ. አምፕሊፋየሩን መጠበቅ

ጃክ ይዘን ወደ አምፕሊፋየር ስንጠጋ፣ በሰውነታችን ያለው ሙል በጃኩ በኩል ወደ ውስጥ ይዘላል። ስለዚህ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ያዙ።

1. በመጀመሪያ መሬት የነካ ባዶ ብረት፣ ለምሳሌ የውኃ ቧንቧ ወይም መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት ምሰሶ ንኩ። ሙሉ በዚያ ይወርዳል።

2. አምፕሊፋየሩን አጥፉ ወይም ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀንሱ። ጃክ ሲገባ ክፍሎቹ ለቅጽበት እርስ በርስ ስለሚነካኩ፣ ኃይል ካለ ሊጎዳ ይችላል።

3. ጃኩን ሰክታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ማዳመጫውን በጆሮ አድርጉ። ስትነቅሉ መጀመሪያ ከጆሮ አውልቁ። እንዲህ ካደረጋችሁ ብልጭታው ጆሮአችሁን አይነካም።

4. የጥገና ጠረጴዛችሁን ከላስቲክ አርቁ። የጥጥ ልብስ ልበሱ። ወለሉ ላይ ውኃ መርጨት ወይም እርጥብ ጨርቅ በክፍሉ ውስጥ መስቀል የአየሩን ድርቀት ይቀንሳል።

5. የተከፈተ ሰሌዳ ስትነኩ የእጅ አንጓ ማሰሪያ ብትጠቀሙ ይመረጣል። ይህ ማሰሪያ በውስጡ የ1 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር ሊኖረው ግድ ነው። በስሕተት 230 ቮልት ብትነኩ በሰውነታችሁ የሚያልፈው 0.23 ሚሊ አምፔር ብቻ ይሆናል። ባዶ ሽቦ በእጅ አስሮ ከመሬት ጋር ማገናኘት ግን ራስን ለሞት ማቅረብ ነው፤ ፈጽሞ አታድርጉት።

በቡድን የምታዳምጡ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። አራት ባለ 32 ኦም ማዳመጫዎች በአንድ ላይ ሲሰኩ ለአምፕሊፋየሩ 8 ኦም ይሆኑበታል። ይህ ትንሹን አምፕሊፋየር ከአቅም በላይ ያስጨንቀዋል። በእያንዳንዱ ማዳመጫ መስመር ላይ ከ33 እስከ 47 ኦም የሆነ ሬዚስተር ብትጨምሩ ጫናው ይቀንሳል፤ አንዱ ገመድ ቢነካካም ሌሎቹ መስማታቸውን አያቋርጡም።

ሠ. ሕይወትን የሚነኩ ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ ስልክ ቻርጅ ላይ እያለ ማዳመጫ በጆሮ አታድርጉ። የርካሽ ቻርጀር ውስጣዊ መከላከያ ከተበላሸ የጄኔሬተሩ 230 ቮልት በስልኩና በገመዱ አልፎ ራስ ድረስ ሊደርስ ይችላል። በልዩ ልዩ አገሮች በዚህ ምክንያት ሰዎች ሞተዋል። ልጆቻችሁን በተለይ አስጠንቅቁ።

ሁለተኛ፣ በወደቡና በገበያ ነዳጅ የምትቀዱ ልብ በሉ። የሰው ሰውነት 10,000 ቮልት ሲሸከም ብልጭታው 5 ሚሊ ጁል ያህል ጉልበት አለው። የቤንዚን ትነት ግን ከ1 ሚሊ ጁል ባነሰ ጉልበት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ጀሪካኑን በጭነት መኪናው የላስቲክ ንጣፍ ወይም በሸራ ላይ ሳይሆን በመሬት ላይ አስቀምጡ፤ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ራቅ ብላችሁ መሬት የነካ ብረት ንኩ፤ የብረት ዕቃ ከሆነ የመቅጃው አፍ ከዕቃው ሳይለይ ቀስ ብላችሁ ቅዱ። ነዳጅ አጠገብ ሹራብ ማውለቅም አደገኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ድምፅ አታብዙ። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው። አጠገባችሁ ያለ ሰው የሚያናግራችሁን ካልሰማችሁ ቀንሱት። ገመድ በሌላ ገመድ ይተካል፤ የተጎዳ ጆሮ ግን እንደ ቀድሞው አይመለስም።

ረ. መልመጃ

መልሱን ከማየታችሁ በፊት በየቡድናችሁ ተወያዩበት።

1. ሁለት ባለ 16 ኦም ማዳመጫዎች በአንድ ላይ ቢሰኩ ስንት ኦም ይሆናሉ?
2. በጃክና በጆሮ መካከል የትኛው ይቀድማል?
3. የእጅ ማሰሪያ ያለ ሬዚስተር ለምን አይፈቀድም?

መልስ፦ 1. 8 ኦም። 2. መጀመሪያ ጃኩ ይሰካል፣ ከዚያ ማዳመጫው በጆሮ ይደረጋል። 3. በስሕተት የመብራት መስመር ቢነካ ሙሉው ኃይል በሰውነት ስለሚያልፍ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ትምህርት ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ፣ ይልቁንም ስልክ ቻርጅ ለሚያደርጉና ነዳጅ ለሚቸረችሩ ወጣቶች፣ እንድታነቡላቸው አደራ እንላለን።