ትራስ ሥር የሚሸጎጠው ኪኒን

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከጤና ኬላ የተሰጣትን የአይረን ኪኒን «ያቅለሸልሸኛል» እያለች ትራስ ሥር ትሸጉጠዋለች። በግድ ትዋጠው?

መልስ፦ በግድማ አይሆንም፤ መተውም ግን አይገባትም። ማታ ከራት በኋላ፣ ልትተኛ ስትል ትዋጠው፤ ማቅለሽለሹ ይቀልላታል። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጥ፣ ከኪኒኑ ነው። ቡናና ሻይ በኪኒኑ ውስጥ ያለው ብረት (አይረን) ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከኪኒኑ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ያራርቋቸው። (ቡና ጨርሰሽ ተዪ ማለትን እኔም አልደፍርም!) የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ስትመጣ የምግብ እጥረት እንዳለባት ለማየት ክንዷን ትለካላት፤ ዙሪያው ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የተለየ ክትትል ያስፈልጋታል። ኪኒን ደግሞ ምግብን አይተካም። አሁን በቀን አንድ፣ ስታጠባ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ትብላ። እርስዎም እንቁላሉን ሁሉ ገበያ አያውጡት፤ ለእሷ ያስቀሩላት።